የሚወዛወዝ አሜትር፣ ራሱን የሚያጠፋ ዲናሞ፦ የ1975 ሴስና 172

ማናሳስ_172

ሰላም ለዚህ ቤት። ቨርጂኒያ ነን። እኔና ሦስት ጓደኞቼ አንዲት የ1975 ሴስና 172ኤም አውሮፕላን በጋራ ገዝተን ቅዳሜና እሁድ እየተፈራረቅን እናበራታለን። ባለ 14 ቮልት ናት። ሞተሩ ምንም አይወጣለትም። ኤሌክትሪኩ ግን አሳብዶናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተነሳን በኋላ የአሜትሩ (የከረንት መለኪያው) መርፌ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ አይደለም። ምት አለው፣ እስክስታ የሚመታ ነው የሚመስለው። የዳሽቦርዱ መብራትም አብሮት ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ሞቃት ቀን ላይ ይብሳል። አንዳንዴ ቀዩ "ሃይ ቮልቴጅ" መብራት ቦግ ይልና መርፌው ወደ ዲስቻርጅ ይወርዳል። ማስተሩን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) አጥፍተን መልሰን ስናበራ ይስተካከላል። ትንሽ ቆይቶ ያው ይደግማል።

የሰጠነው ጋራዥ መጀመሪያ ዲናሞውን ቀየረ። ጥቂት በረራ ደህና ሄደችና አገረሸባት። ቀጥሎ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው) ተቀየረ። አሁንም አገረሸባት። አሁን ደግሞ "የቀረው ባትሪው ነው" ተባልን። ሌላ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እዚህ ልጠይቅ ብዬ ነው። የገጠመው ሰው አለ?

አቢ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ባትሪ ነው ወንድሜ። የኔ ኮሮላ ልክ እንደዚህ ስታደርገኝ ባትሪ ቀይሬ ተገላገልኩ። ርካሹም እሱ ነው።

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

አቢ ልጄ፣ እንኳን ኮሮላህ ዳነችልህ። ይሄ ግን የባትሪ ጠባይ አይመስልም። የደከመ ባትሪ ጠዋት ሞተሪኖ አላዞርም ይላል። ዲናሞ ሲጠፋ ቶሎ ይሞታል። እንዲህ ምት ይዞ መርፌ አያወዛውዝም።

ማናሳስ፣ ጥቂት ነገር መልስልኝ። የአሜትርህ ዜሮ መሀል ላይ ነው ወይስ ግራ ጥግ? መሀል ከሆነ የሚነግርህ ባትሪው እየተሞላ ወይም እየተራቆተ መሆኑን ነው። ግራ ጥግ ከሆነ የሚነግርህ ዲናሞው ስንት አምፒር እያወጣ እንደሆነ ነው። የፓይፐር ቼሮኪ ሰዎች ሁለተኛው ነው ያላቸው። እዚያ ላይ ዜሮ ማለት ዲናሞው ሞቷል ማለት ነው፤ መሀል ላይ በሆነው ግን ዜሮ ማለት ሁሉ ሰላም ነው። ሰዎች ይህን ሳይለዩ በስልክ ሲከራከሩ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ሌላ፦ ማስተሩ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ግማሹ የባትሪው፣ ግማሹ የአልተርኔተሩ፣ ማለትም የዲናሞው። የአልተርኔተሩን ግማሽ ብቻ ስታጠፋ ውዝዋዜው ይቆማል? ላንዲንግ ላይት (የማረፊያውን መብራት) ስታበራስ ምን ይሆናል?

የመጨረሻው፦ ዲናሞው ሲቀየር፣ ሬጉሌተሩም ሲቀየር፣ ቴስተር ያወጣ ሰው ነበር?

ማናሳስ_172

ጋሼ፣ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። ዜሮው መሀል ላይ ነው። የአልተርኔተሩን ግማሽ ስናጠፋ ውዝዋዜው ቀጥ ይላል፤ መርፌው ዲስቻርጅ ላይ ረግቶ ይቀመጣል። ላንዲንግ ላይት ስናበራ ምቱ ይቀየራል እንጂ አይጠፋም።

የለካ ሰው ግን አላየሁም። ደረሰኞቹን አሁን አውጥቼ አየኋቸው። "ተቀየረ" ይላሉ። "ተለካ" የሚል የለም።

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

ገመትኩ። እንግዲህ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ዲናሞ ዝም ብሎ ስለዞረ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ውስጡ የሚሽከረከረው ጥቅልል ማግኔት እንዲሆን ትንሽ ከረንት ይፈልጋል። ፊልድ የምንለው እሱን ነው። የሬጉሌተሩ ሥራ ያንን ከረንት መጨመርና መቀነስ ነው። ቮልቴጁ ከ14 ሲወርድ ይጨምራል፣ ሲያልፍ ይቀንሳል። በቃ።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ሬጉሌተሩ "ቮልቴጁ ስንት ደረሰ?" ብሎ የሚያየው ከየት ነው? በእነዚህ አሮጌ ሴስናዎች ፊልዱን ራሱን በሚመግበው መንገድ በኩል ነው። መንገዱ ከባስባሩ፣ ኃይሉን ለሁሉም ከሚያከፋፍለው ብረት፣ ይነሳል። በፊልድ ብሬከሩ (ከረንት ሲበዛ ዘሎ መስመሩን በሚቆርጠው) ያልፋል። በማስተሩ የአልተርኔተር ግማሽ ያልፋል። ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ዲናሞውን በሚያጠፋው በኦቨር ቮልቴጅ ሴንሰሩ ያልፋል። በየመሀሉ መሰኪያ አለ። ከዚያ ሬጉሌተሩ ጋ ይደርሳል። አውሮፕላኗ የ1975 ናት። ያ ስዊች ስንት ሺህ ጊዜ ተጫነ? ውስጡ ያለው ኮንታክት ይበላል፣ ይጠቁራል፣ ሬዚስታንስ ያበጃል። ከረንት ሲያልፍበት ቮልቴጅ ይቀንሳል።

እንግዲህ ባስባሩ ላይ ደህና 14 ቮልት እያለ ሬጉሌተሩ የሚያየው 13 ምናምን ነው። "አነሰ" ብሎ ፊልድ ይጨምራል። ፊልድ ሲጨምር በስዊቹ የሚያልፈው ከረንት ይጨምራል፣ ስዊቹ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም ይጨምራል። ስለዚህ ሬጉሌተሩ አሁንም "አነሰ" ይላል። ባስባሩ ከልክ ያልፋል። ዘግይቶ ይነቃና ፊልዱን ይቀንሳል። ከረንቱ ሲቀንስ ስዊቹ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ይመለሳል፤ ሬጉሌተሩ ድንገት "ኧረ በዛ!" ይልና ጨርሶ ይዘጋል። ቮልቴጁ ይወርዳል። እንደገና ይጀምራል። መርፌህ የሚወዛወዘው ለዚህ ይመስለኛል። ሙቀትና ንዝረት ኮንታክቱን ባባሱት ቅጽበት ደግሞ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ሴንሰሩም ዲናሞውን ያጠፋል። ሴንሰሩ አልተበላሸም። ራዲዮዎችህን ነው ያዳነው።

ዲናሞና ሬጉሌተር ሲቀየር ለጥቂት ጊዜ የተሻላችሁ ለምን መሰለህ? ሲሠሩ መሰኪያዎቹን ነቅለው መልሰው ሰክተዋል። መንቀል መሰካቱ ብቻውን ኮንታክቱን ትንሽ ይጠርገዋል።

ይሄ እስካሁን ግምት ነው። በቴስተር እናረጋግጥ።

ማግኔቶ (ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው) ይጥፋ። ቁልፉን አውጥተህ ኪስህ ክተተው። ሚክስቸሩ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ የሚቆጣጠረው) ሙሉ ተጎትቶ ይውጣ። ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ፕሮፔለሩ አጠገብ ማንም እንዳይቆም፤ የማግኔቶ ሞተር ባትሪ ባይኖረውም እጅ ሲነካው ሊነሳ ይችላል። ራዲዮዎቹ ይጥፉ። ከዚያ የማስተሩን ሁለቱንም ግማሽ አብራ፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ባትሪው ከ14 በታች ስለሆነ ሬጉሌተሩ ፊልዱን ሙሉ ይከፍተዋል። ስለዚህ የምትለካው እውነተኛ ከረንት እየሄደ ነው።

የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ደህና ግራውንድ ላይ አድርግ። ቀዩን መጀመሪያ ባስባሩ ላይ፣ ቀጥሎ ከብሬከሩ ወዲያ፣ ከስዊቹ ወዲያ፣ ከሴንሰሩ ወዲያ፣ መጨረሻ ሬጉሌተሩ መግቢያ ላይ። የትኛው ሽቦ የቱ እንደሆነ በጥገና መመሪያው የሽቦ ሥዕል ላይ እያየህ ተከተል። ቁጥሮቹን ጻፍና ቶሎ አጥፋ፣ ባትሪው ይራቆታል። ከባስባሩ እስከ ሬጉሌተሩ ያለው ልዩነት ከሩብ ቮልት ካለፈ እኔ እጠረጥራለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማስተሩን አጥፍተህ በኦም አትለካ። ከረንት በሌለበት የተበላ ኮንታክት ጤነኛ መስሎ ነው የሚታየው። ብዙ መካኒክ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ተማሪዋ_አብራሪ (አዲስ አበባ)

ጋሽ ቮልት እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ተብራርቶ አይቼ አላውቅም። የጀማሪ ጥያቄ ነው፣ አትሳቁብኝ። በረራ ላይ ዲናሞውም ባትሪውም ቢሞት ሞተሩ አይቆምም?

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

ማን ይስቃል? 172 ላይ አይቆምም ልጄ። ማግኔቶው ሞተሩ ራሱ እያዞረው የራሱን እሳት ያመነጫል። ባትሪ መኖሩንም አያውቅም። እኔ ሙያውን የጀመርኩት ደብረ ዘይት በሳብ ሳፊር አውሮፕላን ላይ ነው፤ እዚያም እንዲሁ ነበር።

እንዲህ ባለ አሮጌ 172 ላይ የሚጠፋብሽ ሌላ ነው። ራዲዮ ይሄዳል። ትራንስፖንደር (ለራዳር ማንነትሽን የሚናገረው) ይሄዳል። ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው) በኤሌክትሪክ ስለሆነ ባለበት ይቀራል። የነዳጅ ጌጁ ውሸታም ይሆናል። ተርን ኮኦርዲኔተሩ (መታጠፍሽን የሚያሳየው) ይቆማል። ፍጥነት፣ ከፍታና የመውጣት የመውረድ መለኪያው ግን በአየር ግፊት ነው የሚሠሩት፣ አይነኩም። አድማስ የሚያሳየውና አቅጣጫ የሚያሳየው ጃይሮም በቫኪዩም ፓምፕ ነው። ጥሩ ቀን ላይ ከሆንሽ አውሮፕላኑ ጸጥ አለ እንጂ አልሞተም።

ናቲ_ሻርጃ

ጋሼ ትክክል ነዎት፣ ግን ልጅቷ "ሁሉም አውሮፕላን" ብላ እንዳትወስደው። ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ዲዝል ሞተር ላይ ነገሩ ሌላ ነው።

መጋቢት 2007 በፈረንጆች፣ ጀርመን ስፓየር ላይ አንድ ዳይመንድ ዲኤ42 የሆነውን ሁሌ ለአዳዲስ ልጆች እነግራለሁ። ባለ ሁለት ሞተር ነው። ባትሪው ተራቁቶ ስለነበር በውጭ ኃይል አስነሱት። ተነሳ። ጎማውን ሲያጥፉ የማጠፊያው ፓምፕ ብዙ ከረንት ሳበ። የሞተ ባትሪ ደግሞ ያንን ጉድለት መሙላት አልቻለም። ቮልቴጁ ለቅጽበት ወረደ። የሁለቱም ሞተር ኮምፒውተር ራሱን ሪሴት አደረገ። ሁለቱም ሞተር ቆመ። ሰዎቹ ተረፉ፣ አውሮፕላኑ ግን ክፉኛ ተጎዳ። እንዲህ ማስነሳቱ ከመመሪያው ውጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሞተር ኮምፒውተሮቹ መጠባበቂያ ባትሪ ተጨመረ።

ስለዚህ "ባትሪዬ ሞቷል፣ በውጭ ኃይል ላስነሳና ልሂድ" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ቁሙ በሉት። 172 ላይ እንኳ ቢሆን ደግ አይደለም።

ማናሳስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሄድሴት ውስጥ ፉጨት ትሰማለህ? ከአርፒኤም ጋር የሚወጣና የሚወርድ?

ማናሳስ_172

ናቲ፣ ፉጨት የለም። ለምን ጠየቅከኝ?

ናቲ_ሻርጃ

ዲናሞ ውስጥ ዳዮዶች አሉ፣ ተለዋዋጩን ከረንት ቀጥታ የሚያደርጉ። አንዱ ሲሞት ዲናሞው መሥራቱን አያቆምም፣ አቅሙ ግን ይቀንሳል። ከረንቱም ሸካራ ይሆናል፣ ሄድሴት ውስጥ ያፏጫል። የአልተርኔተሩን ግማሽ ስታጠፋ ፉጨቱ ከቆመ ከዲናሞው ነው። ካልቆመና ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ የማግኔቶ ሽቦዎችን እይ። በየሰከንዱ ገደማ የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ስትሮብ መብራቱን አጥፍተህ አዳምጥ። ያንተ ፉጨት ስለሌለው የጋሽ ቮልት ግምት ይበልጥ አሳማኝ ሆኖልኛል።

የቦሌ_ቴክኒሻን

ከዲናሞና ከስዊች በፊት ሰው ሁሉ የሚረሳውን ልናገር። ግራውንድ!

ሞተሩ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚገናኘው በጎማ ማረፊያ ላይ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያያይዝ የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ አለ። እሱ ሲበላ ወይም ብሎኑ ሲላላ የሞተሪኖው ከረንት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘው የስሮትልና የሚክስቸር ኬብል ነው። ኬብሉ ሲሞቅ፣ ሲጠብቅ፣ ሽፋኑ ሲቃጠል ይታያል። ስሮትል ጠነከረ ብለው ኬብል ሲቀይሩ ከርመው ግራውንድ ሆኖ የተገኘበት አጋጣሚ በሙያው ውስጥ አዲስ አይደለም።

እኛ ጋ ክረምት ላይ እርጥበቱ መሰኪያውን ሁሉ አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል። የእርሻ ኬሚካል የሚረጩት አውሮፕላኖች ደግሞ ይባስ፤ ኬሚካሉ የግራውንድ ነጥቦቹን ይበላቸዋል። ብሎኑን ፈቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ አጽድቶ፣ በሚገባ አጥብቆ መመለስ ነው። ቀለም ላይ የታሰረ ግራውንድ ግራውንድ አይደለም።

አለካኩ ያው የጋሽ ቮልት ዘዴ ነው። አንዱን የቴስተር ሽቦ ሞተሩ አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጎ፣ ሞተሪኖ ሲዞር ማየት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ግራውንዱ ታሟል።

ሄርዝሊያ_ቼሮኪ

ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ ክለብ ያለችው አሮጌ ቼሮኪ ሞተሪኖዋ ሁሌ ዘገምተኛ ናት። በተለይ ሞተሩ ሙቅ ሲሆን። ባትሪ አዲስ ነው። ግራውንዱን ነገ አያለሁ። ሌላስ?

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

ሄርዝሊያ፣ የባትሪውን ወፍራም ኬብል ቀለም እየው። በቆዩ ቼሮኪዎች ፓይፐር ክብደት ለመቀነስ አሉሚኒየም ኬብል ነበር የሚያስገባው። ባትሪው ከኋላ፣ ሞተሪኖው ከፊት፤ ረጅም መንገድ ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ የባሰ ሬዚስታንስ አለው፣ ጫፉም ላይ በቀላሉ ኦክሳይድ ይሆናል። ብዙ ሰው በመዳብ ቀይሮታል፣ የተፈቀደ ኪትም አለ። ሞተሪኖ እያዞርክ ባትሪው ራስ ላይ ለካ፣ ከዚያ ሞተሪኖው ራስ ላይ ለካ። መሀል ላይ የጠፋው ቮልቴጅ የኬብሉና የኮንታክተሮቹ (ትልቁን ከረንት የሚያገናኙት ማብሪያዎች) ነው። ለዚህም አዲስ ክር ብትከፍት ጥሩ ነው፣ የማናሳስን እንዳንበጠብጥበት።

ማናሳስ_172

ቁጥሮቹ መጡ! ፈቃድ ያለው መካኒክ ጎረቤታችን አብሮኝ ነበር፣ እሱ ነው ፓነሉን የከፈተው።

ባስባር፦ 12.3 ቮልት። ከብሬከሩ ወዲያ፦ 12.2። ከማስተር ስዊቹ ወዲያ፦ 11.5። ከሴንሰሩ ወዲያ፦ 11.4። ሬጉሌተር መግቢያ፦ 11.4።

ስዊቹን በጣት ስንነካካው ቁጥሩ ይዘላል። 11.2 ደረሰ፣ ተመልሶ 11.8 ሆነ። መካኒኩ ስቆ "በቃ ታወቀ" አለኝ።

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

0.9 ቮልት በመንገድ ጠፍቷል፣ 0.7ቱ ስዊቹ ላይ ነው። ሲነካካ የሚዘል ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ብሬከሩም ላይ ያለው 0.1 አሁን ባያስጮህም የስዊቹ እኩያ ነው። ስዊቹን ስትቀይሩ አብራችሁ ቀይሩት፣ ፓነሉ አንዴ ተከፍቷል።

ዲናሞውንና ሬጉሌተሩን የቀየሩላችሁ ሰዎች አንዲት ቴስተር ቢያወጡ ኖሮ እዚህ አትደርሱም ነበር። መተው ነው እንግዲህ።

አቢ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

እሺ ባትሪ አይደለም፣ ተሸንፌያለሁ 😄 ግን ስዊች ለምን ይገዛል? ደብሊው ዲ 40 ፍስስ አድርገህበት አሥር ጊዜ ጠቅ ጠቅ ብታደርገው ይጸዳል።

የቦሌ_ቴክኒሻን

ለሁለት ሳምንት ይጸዳል። ከዚያ ይመለሳል። የተቃጠለ ኮንታክት ብረቱ ራሱ ተበልቷል፣ ዘይት አያድነውም። ሲቀጥል፣ ዘይት የነካ ስዊች አቧራ ይሰበስባል። ለቤት በር ማጠፊያ አስቀምጠው።

ማናሳስ_172

አንድ ሌላ ጥያቄ። ስዊቹን እኔ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ? የግል አብራሪ ፈቃድ አለኝ፣ አውሮፕላኗም የኛ ናት። አንዱ ባለድርሻ "ይፈቀዳል" ይላል።

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

አይፈቀድልህም። በአሜሪካ ሕግ ባለቤት የሆነ አብራሪ ራሱ እንዲሠራቸው የተፈቀዱት ነገሮች ክፍል 43 አባሪ ኤ ላይ ተዘርዝረዋል። ኤሌክትሪክን በተመለከተ ባትሪ መቀየር አለ። የቦታ ማሳያና የላንዲንግ ላይት አምፖል መቀየር አለ። የላንዲንግ ላይት ሽቦ ተቆርጦ ከሆነ ፈልጎ መጠገንም አለ። ማስተር ስዊች የለበትም። ጎረቤትህ ይሥራው፣ ሎግ ቡክ ላይ ይጻፍ፣ ይፈርም። አንተ ባትሪ መብራት ያዝለት፣ ቡና አፍላለት፣ እያየህ ተማር።

የቦሌ_ቴክኒሻን

እኛ ጋ ደግሞ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው ካልፈረመ አይበርም። መለካትና ቁጥር መጻፍ ግን ዕውቀት ነው። ጋራዥ ሄዶ "ይወዛወዛል" ከማለት "ስዊቹ ላይ 0.7 ይጠፋል" ማለት ይሻላል።

ማናሳስ_172

ተስማምተናል። እስከዚያው ግን ባለድርሻችን ሌላ ልማድ አለው። ብሬከር ሲዘል ገፍቶ ይመልሰዋል፣ ከዘለለ ደግሞ ይገፋዋል። ሦስተኛም። ምን ልበለው?

ናቲ_ሻርጃ

የሳንፎርድን ታሪክ ንገረው። ሐምሌ 10 ቀን 2007 በፈረንጆች፣ ፍሎሪዳ። ሴስና 310አር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሌላ አብራሪ የአየር ሁኔታ ራዳሩ እንደጠፋበትና የሚቃጠል ሽታ እንደሸተተው ጽፎ ነበር። ራዳሩን አጥፍቶ ብሬከሩን ሲጎትት ሽታው ቆመ። ይህን ሁሉ ጽፎ አስረከበ። ችግሩ ሳይጠገን አውሮፕላኑ በማግስቱ ተለቀቀ። በረራ ላይ እሳት ተነሳ። ወደ አየር ማረፊያው ሲመለስ ሠፈር ውስጥ ወደቀ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎችና መሬት ላይ ሦስት ሰዎች ሞቱ።

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሲዘል "ሽቦው እየሞቀ ነው" ማለቱ ነው። ለበረራው ደህንነት የግድ የሚያስፈልግ ነገር ከሆነ፣ ጢስም ሽታም ከሌለ፣ ትንሽ አቀዝቅዞ አንዴ መመለስ ይቻላል። እንደገና ከዘለለ መሬት ላይ ብቻ ነው የሚነካው። ለሻይ ማሞቂያ ወይም ለስልክ ቻርጀር ከሆነ አንዴም አይመለስ።

ተማሪዋ_አብራሪ (አዲስ አበባ)

ይሄንን ክር ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ላክሁት። ዲናሞ በረራ ላይ ሲጠፋስ ቅደም ተከተሉ ምንድነው? መመሪያው ላይ አለ፣ ግን ከልምድ የምትሉትን መስማት ፈልጌ ነው።

ጡረተኛው_ካፒቴን

መመሪያው ይቅደም፣ እኔ ከሱ በላይ አይደለሁም። ግን ጠባዩን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብሪ። ከዚያ ፊልድ ብሬከሩን እይ። ማስተሩን አንዴ አጥፍተሽ አብሪ፣ ኦቨር ቮልቴጅ ከሆነ ይመለሳል። ካልተመለሰ የአልተርኔተሩን ግማሽ አጥፊና ከባትሪ ጋር ተስማሚ። ቁጠባ ጀምሪ። ላንዲንግ ላይት 100 ዋት ቢሆን በ12 ቮልት ከ8 አምፒር በላይ ይበላል። ፒቶ ሂትም (የፍጥነት መለኪያውን ቱቦ ከበረዶ የሚጠብቀው ማሞቂያ) በላተኛ ነው፣ በረዶ ከሌለ ይጥፋ። ሁለተኛው ራዲዮ ይጥፋ። ማስተላለፍ ከማዳመጥ ብዙ ይበላል፣ ስለዚህ ሁሉን በአንድ አጭር መልእክት ተናገሪ።

አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ባትሪያቸው ለአስፈላጊዎቹ መሣሪያዎች ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲሰጥ ታስበው ነው የተሠሩት። ያ ግን ጤነኛ ባትሪ ሲሆንና ችግሩን ወዲያው ስታውቂው ነው። አብዛኛው ሰው መርፌውን የሚያየው ራዲዮው መንተባተብ ሲጀምር ነው። ያኔ ያ 30 ደቂቃ አልቋል።

ራዲዮ ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ትራንስፖንደርሽን 7600 አድርጊ፣ "ራዲዮ የለኝም" የሚለው ኮድ ነው። የመቆጣጠሪያ ግንቡን ፈልጊ፣ በመብራት ያናግርሻል። ለሚበር ሰው ያልተቋረጠ አረንጓዴ መብራት "ማረፍ ትችላለህ" ነው። ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ "ለማረፍ ተመለስ" ነው። ያልተቋረጠ ቀይ "ለሌላው ቅድሚያ ስጥ፣ ዙርህን ቀጥል" ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ጉልበት ሰሌዳሽ ላይ ለጥፊው፣ በጭንቀት ሰዓት ማንም አያስታውሰውም።

ፍላፕ እንደማይኖርሽም አስቢ። ማኮብኮቢያው ረዘም ያለበትን ምረጪ። ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለ ፍላፕ ስታርፊ በመሬት ላይ ያለሽ ፍጥነት ባሕር ዳርቻ ላይ ከምታውቂው በጣም ይበልጣል። ዓይንሽ "ፈጠንኩ" ይልሻል። የፍጥነት መለኪያውን እመኚ።

ማናሳስ_172

ሰላም ቤተሰብ። ስዊቹና ፊልድ ብሬከሩ ተቀየሩ። መካኒኩ የሞተሩን ግራውንድ ማሰሪያም ፈትቶ አጸዳው፤ የቦሌ ቴክኒሻን ያለውን አንብቤለት ነበር። እንደገና ስንለካ ከባስባር እስከ ሬጉሌተር ልዩነቱ 0.1 ብቻ ሆነ። በረራ ላይ ባስባሩ 14.0 ላይ ረግቶ ቆመ። ላንዲንግ ላይት፣ ፒቶ ሂት፣ ራዲዮ፣ ሁሉንም አብርተን ሞቃት ከሰዓት ላይ በረርን። ቀዩ መብራት አልመጣም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። መርፌው አሁንም በጣም ትንሽ፣ እንደ ፀጉር ያህል ጠቅ ጠቅ ይላል። ደግሞ ተጨንቄያለሁ።

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

ጅራቷ ላይ ያለውን ቀይ ብልጭታ መብራት አጥፍተህ እየው።

ማናሳስ_172

ቆመ 😂

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

እሱ ጤና ነው። መብራቱ በበራ ቁጥር ከረንት ይስባል፣ መርፌው ያያል። አብረህ ኑር።

አቢ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

የድሮው ዲናሞና ሬጉሌተር ጤነኛ ከነበሩ የት ናቸው? ይሸጡ እንጂ።

ማናሳስ_172

ዲናሞውን ጋራዡ በልውውጥ ወስዶታል፣ የአዲሱ ዋጋ በዚያ ነበር የቀነሰልን። ሬጉሌተሩ ግን ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። መካኒኩ "ፈትሼ ምልክት እለጥፍበታለሁ፣ መጠባበቂያ ይሁናችሁ" ብሏል። ያ የሚገፋው ባለድርሻችንም የሳንፎርድን ታሪክ አንብቦ "እሺ አንዴ ብቻ" ብሏል። ጋሼ፣ ዳላስ ስመጣ ቡና በኔ ነው።

ሄርዝሊያ_ቼሮኪ

አዲስ ክር ከፍቻለሁ። ኬብሉ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው 2.6 ቮልት ይጠፋል። ጋሽ ቮልት እዚያ ይጠብቁኛል?

ጋሽ_ቮልት (ዳላስ)

መጣሁ። የኮንታክተሮቹንም ለየብቻ ለክተህ ጠብቀኝ።